180 ፑሽ አፕ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው የምጽፈው፣ ሂርማታ አካባቢ። በቀን 300 ፑሽ አፕ ብዬ ለራሴ ቃል ከገባሁ ሶስት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ጡንቻ ለማውጣት ሳይሆን የጀመርኩትን ሁሉ መሃል ላይ የመተው አመሌን ለመስበር ብዬ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ቡና ሳይፈላ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በ10 በ10 እየከፋፈልኩ እሰራለሁ። እስከ 150 ምንም አይለኝም፣ 180 ላይ ግን ክንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ወገቤ ይሰምጣል፣ ላቤ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁት ደረቴ ከመሬት አልነሳም ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዛው ነኝ።

አሁን ደሞ መዳፌን መሬት ላይ ስጭን የቀኝ አንጓዬን ይወጋኛል፣ በጡጫ ስሰራ ትንሽ ይሻለኛል። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ማረፍም እንዳለብኝ ይገባኛል፣ ግን አንድ ቀን ከዘለልኩ እንደ በፊቱ ጠቅልዬ እንዳልተወው በጣም እፈራለሁ። ክረምቱም ገብቷል፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው እየተደበደበ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ትግል ነው።

እና አንጓዬ እስኪሻለው በስኳት (ቁጭ ብድግ) ልተካውና የጠዋቱን ሰዓት ብቻ ልጠብቅ? ወይስ በሳምንት ሶስት ቀን አድርጌ ቁጥሩን በ5 በ5 ልጨምር? ወደ ጅረን ዳገቱን በእግር መውጣትም አስቤያለሁ። እንዲህ ተይዞ የወጣ ሰው ካለ ምን እንዳደረገ ይንገረኝ፣ በእውነት መተው አልፈልግም።