በማይክሮስኮፕ ስላይድ ላይ ቀጭን ቦይ ማውጣት፦ ያለ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይቻላል?

ላብ_ደብረብርሃን፦
ጤና ይስጥልን። በተራ የማይክሮስኮፕ ስላይድ (75 በ25 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 1 ሚ.ሜ) ላይ ስፋቱ 200፣ ጥልቀቱ 50 ማይክሮን (የሚ.ሜ አንድ ሺኛ) የሆነ የፈሳሽ ቦይ ማውጣት እንፈልጋለን። በሁለቱ ጫፎች ግማሽ ሚ.ሜ የሚሆን መግቢያና መውጫ ቀዳዳም ያስፈልጋል። የመስታወት ጌጥ የሚሠራበትን ክሬም፣ ቀሪውን በስቲከር ሸፍነን፣ 30 ደቂቃ አቆየነው፤ መስታወቱ ነጣ እንጂ አልጎደጎደም። ቀዳዳውን በድሪል ስንሞክር ደግሞ ከስር በኩል ይሸረፋል። ጋዝ የሚስብ መሳቢያ የለንም። ምን ትመክሩናላችሁ?

አንኮበር_ኬሚ፦
ክሬሙ የተሠራው ለማንጣት ነው፣ ለመቆፈር አይደለም። ውስጡ ያለው አሞኒየም ባይፍሎራይድ መስታወቱን ሲበላ የሚፈጠረው ጨው ፊቱ ላይ በደቃቅ ክሪስታል ይቀመጣል። ክሪስታል ያረፈበት ይጠበቃል፣ ባዶው ይበላል፤ ያያችሁት ሸካራ ንጣት ይኸው ነው። ሰዓት ብትጨምሩም 50 ማይክሮን አትደርሱም።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይቆፍራል፤ ግን ተራ ስላይድ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስላለበት የማይሟሟ ፍሎራይድ ወለሉ ላይ ይዘቅጣል። በላቦራቶሪ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚጨመርበት እሱን ለማሟሟት ነው። አሲዱ ወደ ታች በበላው ልክ ወደ ጎንም ይበላል፦ ለ50 ጥልቀትና ለ200 ስፋት የመሸፈኛው ክፍተት 100 ማይክሮን ብቻ መሆን አለበት።

ያለ መሳቢያና ያለ 2.5 በመቶ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (የዚህ አሲድ ቃጠሎ መድኃኒት) ግን በፍጹም እንዳትነኩት። የቀጠነው አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሲመጣ ፍሎራይዱ ወደ ውስጥ ዘልቋል፣ የደም ካልሲየምን አውርዶ ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ክሬሙም የዚያው ዘር ነውና ያለ ጓንት አይነካ።

ጣርማበር፦
በኮስቲክ ሶዳና በኤሌክትሪክ ብልጭታ ሞክሩት። በ1968 እ.ኤ.አ. ኩራፉጂና ሱዳ የተባሉ ጃፓናውያን ያሳዩት ዘዴ ነው፤ የሚፈልገውም ከ0 እስከ 60 ቮልት የሚስተካከል ዲሲ ፓወር ሰፕላይ፣ መርፌና የፕላስቲክ ሳህን ነው።

70 ግራም ውሃ ላይ 30 ግራም ሶዳ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሶዳውን በውሃው ላይ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ አታፍስሱ፣ ፈልቶ ይረጫል። «ይበርታ» ብላችሁ 50 በመቶ አታድርሱት፤ በህዳርና በታህሳስ የደብረ ብርሃን ሌሊት ረግቶ ታገኙታላችሁ። ስላይዱን ሳህኑ ላይ አስተኙና ፈሳሹ 1 ሚ.ሜ ያህል እንዲሸፍነው አድርጉ።

መርፌው ወደ ኔጌቲቭ ይገናኛል። ፖዘቲቩ ከትልቅ ደረቅ ባትሪ የወጣ የካርቦን ዘንግ ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ ውስጥ የገባው ስፋቱ ከመርፌው ጫፍ 100 እጥፍ ይብለጥ፣ አለበለዚያ ብልጭታው ቦታውን ይስታል። ቮልቱን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ አውጡ። መጀመሪያ አረፋ ብቻ ነው። 25 እና 30 ቮልት መካከል አረፋዎቹ ተያይዘው መርፌውን እንደ ቀሚስ ያለብሱታል፤ አምፔሩ በድንገት ይወርዳል፣ ብርቱካንማ ብልጭታ ይታያል። ከዚያ ነጥብ 3 ወይም 4 ቮልት ብቻ ጨምሩ። ውሃ በደብረ ብርሃን ከፍታ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የቆላ ሰው የጻፈውን ቮልት ከመቅዳት የራሳችሁን በአምፔር መለኪያው ፈልጉ።

ለቀዳዳው የ0.4 ሚ.ሜ መርፌ በቀላል ክብደት መስታወቱ ላይ ይረፍ፣ አትጫኑት። የመጀመሪያዎቹ ከ200 እስከ 300 ማይክሮኖች ቶሎ ያልፋሉ፤ ከዚያ ይዘገያል፣ ምክንያቱም ፈሳሹ ወደ ጫፉ መግባት ያቅተዋል። በየጥቂት ሰከንዱ መርፌውን አንሱለት። መሃል ሲደርስ ስላይዱን ገልብጡና ከሌላው ፊት ጨርሱ፤ ከስር የሚሸረፈው መርፌው ሲበሳ ነውና። ዙሪያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካያችሁ ቮልቱ በዝቷል።

ላብ_ደብረብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቦዩንስ በዚሁ ማውጣት ይቻላል? ጥልቀቱንስ በምን እናውቃለን?

ጣርማበር፦
ይቻላል፤ ግን መርፌው መስታወቱን መንካት የለበትም፣ 20 ማይክሮን ገደማ ከፍ ብሎ ይቁም። ቦዩ ሁልጊዜ ከመሣሪያው ስለሚሰፋ ለ200 ማይክሮን 0.15 ሚ.ሜ ሽቦ ያዙ፤ ከመያዣውም ከ5 ሚ.ሜ በላይ አይውጣ፣ ይታጠፋል። ስላይዱን የሚያንቀሳቅሰው ኤም 3 ብሎን ይሁን፤ አንድ ሙሉ ዙር 0.5 ሚ.ሜ ነው። አንዱን ዙር በ25 ሰከንድ ስትጨርሱ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ማይክሮን ይሆናል። እጅ ከፈጠነ ወለሉ እንደ መሰላል ይሆናል፤ በትንሽ ሞተር ቢዞር እመርጣለሁ።

አንኮበር_ኬሚ፦
ጥልቀቱን ማይክሮስኮፑ ራሱ ይነግራችኋል። በ40 እጥፍ ሌንስ መጀመሪያ የስላይዱን ፊት አጥሩ፣ ቀጥሎ የቦዩን ወለል፤ በደቃቁ ማስተካከያ ላይ ስንት መስመር እንደዞረ ቁጠሩ። አንዱ መስመር 2 ማይክሮን ከሆነ 25 መስመር 50 ማይክሮን ነው። ቦዩ ደርቆ፣ ክፍት ፊቱ ወደ ሌንሱ ሆኖ ይለካ፤ ፈሳሽ ካለበት ቁጥሩ ያንሳል።

ሥራው ሲያበቃ በውሃ፣ በኮምጣጤ፣ እንደገና በተጣራ ውሃ እጠቡት። የተረፈውን ሶዳ በፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ክፍት ከተተወ ካርቦኔት እየሆነ ይደክማል። የዐይን መነጽሩ ደግሞ ከመጀመሪያው ሰከንድ አይውለቅ፤ ኮስቲክ ሶዳ ዐይን ውስጥ ከገባ ምሕረት የለውም።