ለንደን ያለችው እህቴ ማሞቂያው እየጮኸባት ነው፤ ለአከራዩ በእንግሊዝኛ ምን ብላ ትጻፍ?

አራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ያለችው እህቴ በተከራየችው ቤት ማሞቂያው ማታ ማታ ይጮኻል። ለአከራዩ ወኪል "ኖይዝ አለ" ብላ ብትጽፍ "ምን ዓይነት? መቼ? ከየት በኩል?" የሚል መልስ መጣላት። ለእኔ በስልክ ስታስረዳኝ መኝታ ቤት ያለው ራዲያተር (ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የግድግዳ ማሞቂያ) እንደ ሽሮ ይንተከተካል፣ ቆይቶ ቧንቧው ጠቅ ጠቅ ይላል ነው የምትለው። ይህን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል? የጥገናውንስ ከማስያዣዋ ይቆርጡባታል?

መምህርት፣ ፒያሳ፦
የሚንተከተከው "ገርግል"፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው "ቲክ" ነው። የቀሩትን ለመለየት ቃሉ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ትከታተል። "ሂስ" ሲባል የመጨረሻው "ስ" አየር በምላስና በድድ መካከል በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ነው የሚፈጠረው፤ ጉሮሮ አይነዝርም። ከጠባብ ቀዳዳ የሚያመልጥ አየር፣ እንፋሎትና ጋዝ ሁሉ ሂስ ይላል። "በዝ" ላይ ግን ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ ብታደርግ ንዝረት ይሰማታል፤ ቃሉም ለሚነዝር ነገር ነው። "ሀም" ከንፈር ተገጥሞ የሚዘልቅ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ፓምፕና ትራንስፎርመር እንዲህ ይላሉ። ኤሌክትሪኩ እዚህም እዚያም በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነ የትራንስፎርመር ሀም በሰከንድ 100 ንዝረት አለው።

የብረት ድምፆች ብዙ ጊዜ በ"ክል" ይጀምራሉ። "ክላንግ" መጨረሻው በአፍንጫ ስለሚወጣ ይዘልቃል፤ ብረቱም እያስተጋባ ሲቆይ ነው የሚባለው። "ክላንክ" ላይ "ክ" መጥታ ትዘጋዋለች፣ ድምፁም ወዲያው ይቆረጣል። "ክሊንክ" ቀጭንና ትንሽ፣ "ክለንክ" ከባድና የታፈነ። መጨረሻቸው "ል" የሆኑት ራትል፣ ገርግል፣ ክራክል፣ ረምብል ደግሞ የሚደጋገም ድምፅ ናቸው። አንዴ ብቻ ተሰምቶ ከጠፋ "ባንግ"፤ ከባድና ለስላሳ ነገር ወድቆ ከሆነ "ተድ"።

ቦይለር ጥገና፣ ካዛንቺስ፦
መምህርት በደንብ አስረድተዋል፤ እኔ ምክንያቱን ልጨምር። ራዲያተሩ ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ አየር ይዟል። ማሞቂያው ይጥፋና ይቀዝቅዝ። ከላይ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ በቁልፏ ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ ታዙራት፣ ከሥሯ ጨርቅ ትያዝ። ሂስ ይላል፤ ሂሱ ቆሞ ውሃ ሲመጣ ወዲያው ትዝጋ። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ አየሩ ሲወጣ ውሃውን አሙቆ ወደ ራዲያተሩ የሚልከው ቦይለር ግፊቱ ይወርዳል። መለኪያው ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር ካላሳየ ውሃ ሳይሞላ ማብራት አይገባም፤ ግፊቱ በጣም ከወረደ ቦይለሩ አልነሳም ይላል።

ቲኩ ቧንቧው ሲሞቅ ስለሚረዝም የወለሉን እንጨት ወይም ማሰሪያውን እየታከከ ነው። ሲበራና ሲጠፋ ብቻ ከሆነ አያሰጋም። ጩኸቱ ከቦይለሩ ከራሱ ከመጣ ግን "ኬትሊንግ" ይሉታል። የለንደን ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ኖራው ሙቀት መለዋወጫው ላይ ይጋገርና ውሃው እዚያው ይፈላል። ያን ማስተንፈስ አያድነውም።

ለንደን ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ እህትህ ምንም ባትነካ ይሻላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1985 የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 ማሞቂያና ሙቅ ውሃ የሚያቀርቡ መሣሪያዎችን መጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው ይላል። የጋዝ ምርመራም በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ ማስደረግ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ትጠይቅ። ማስያዣው በተቀበሉ በ30 ቀን ውስጥ በታወቀ የጥበቃ ተቋም መመዝገብ አለበት፤ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ከ5 ሳምንት ኪራይ መብለጥ አይችልም። መመዝገቡን አሁኑኑ ታጣራ። ሂስ ከጋዝ ሽታ ጋር ከመጣ ግን ደብዳቤ የለም፤ መብራት ሳትነካ መስኮት ከፍታ ትውጣ፣ ከውጭ ሆና 0800 111 999 ትደውል።

ሜክሲኮ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ልጅቷ ጩኸቱን ፈርታ ማሞቂያውን አጥፍታ በብርድ እንዳታድር ነው። ለቤት የሚላከው እንዳይጎድል ብለው በማሞቂያ የሚቆጥቡ ብዙ ናቸው። ወንድሟ ነህና "በዚህ ወር አትላኪ፣ ቤትሽን አሙቂ" በላት። ደግሞ አራት ኪሎ ያደገ ሰው በቅዳሴ፣ በታክሲ ረዳትና በቆራሌው ጥሪ መሃል ነው የሚነቃው፤ ጭር ባለ ክፍል አንዲት ቲክም ትገዝፋለች። ቃል ፍለጋውስ ለምን? ድምፁን በስልክ ቀድታ ትላክና ይለቅ።

መምህርት፣ ፒያሳ፦
ቅጂው ይላክ፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ስልክ የተሠራው ንግግርን ለማጥራት ስለሆነ እንደ ሀም ያለውን የማይለዋወጥ ድምፅ ሊያዳክመው ይችላል፤ ትንሹ ድምፅ ማውጫም ወፍራሙን በደንብ አያሰማም። እንዲህ ትጻፍ፦ "ዘ ቤድሩም ራዲያተር ገርግልስ ኤቭሪ ናይት ዌን ዘ ሂቲንግ ካምስ ኦን። ዘ ቶፕ ስቴይስ ኮልድ። ሌተር ዘ ፓይፕስ ቲክ።" ማለትም የመኝታ ቤቱ ራዲያተር ማታ ማታ ማሞቂያው ሲበራ ይንተከተካል፣ ላዩ እንደቀዘቀዘ ይቆያል፣ ቆይቶ ቧንቧው ጠቅ ጠቅ ይላል። የላዩን መቀዝቀዝ ግን በእጇ ሳታረጋግጥ እንዳትጽፍ።

ሜክሲኮ፦
መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወኪሉ ይህን ሁሉ አያነብም። ቴክኒሻኑ መጥቶ በጆሮው ይስማ።

ቦይለር ጥገና፣ ካዛንቺስ፦
ቴክኒሻኑ በመጣ ሰዓት ድምፁ አይኖርም እኮ! ቀን ሲመጣ ማሞቂያው ሰዓታት ሙሉ በርቶ ይሆናል፣ ቧንቧውም ሞቆ ጨርሷል። ሲነሳ ነው ወይስ ሲጠፋ የሚለውን ካልተጻፈለት ምንም ሳያገኝ ይመለሳል።

አራት ኪሎ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ዛሬውኑ እልክላታለሁ። ማስተንፈሻዋን ስታዞር ብትሰበርባትስ፣ ያኔ ከማስያዣው ይቆረጣል ማለት ነው?

ለንደን ነዋሪ፦
ተከራይ በአያያዝ ጉድለት ያበላሸውን አከራይ እንዲጠግን ሕጉ አያስገድደውም። አትንካ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ቦይለር ጥገና፣ ካዛንቺስ፦
በልኳ ቁልፍ ሩብ ዙር ያዞረ ሰው አይሰብራትም። የሚሰብራት በፒንሳ የሚታገል ነው። ቁልፏ ርካሽ ናት፣ ትግዛ።

ለንደን ነዋሪ፦
የድሮ ቤት ማስተንፈሻ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ በቁልፏም ትሰበራለች። መጀመሪያ በጽሑፍ ፈቃድ ትጠይቅ።