ሎቢ በሕግ ይፈቀድ? የሐዋሳ ልጆች ክርክር

የታቦር ልጅ፦ ጥያቄዬ አጭር ናት። ገንዘብ እየተከፈለው ባለሥልጣንና የምክር ቤት አባል የሚያግባባ ሰው፣ ሎቢስት የሚሉት፣ እኛም አገር ተመዝግቦ ይሥራ? እኔ ይሥራ ባይ ነኝ።

የአቶቴው፦ ኧረ ተው! ጉቦን ካባ ልናለብሰው? ብር ያለው ይሰማል፣ የሌለው ደጅ ይጠናል።

የታቦር ልጅ፦ አሁንስ? ሁሉም ነገር "ሰው አለኝ" በሚል ሻይ ላይ አይደል የሚያልቀው? ቢያንስ ስሙ ይጻፍ።

ጋሼ መምህር፦ ልጆች፣ መንግሥታችን እኮ ዋሽንግተን ላይ ሎቢስት ሲቀጥር ኖሯል። በፈረንጅ 2017 ኤስ.ጂ.አር ለተባለ ድርጅት በወር 150 ሺህ ዶላር ሊከፍል ተዋውሎ ነበር። ይህን በምን አወቅን? አሜሪካኖቹ በ1938 ባወጡት ሕግ፣ ለውጭ መንግሥት የሚያግባባ ሁሉ ውሉን ያስመዘግባል። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። የገዛ ገንዘባችንን ወሬ ከሰው አገር መዝገብ አነበብነው።

የአቶቴው፦ እሱን አልክድም ጋሼ። ግን ያ ሁሉ ዶላር ምን ፈየደ? በፈረንጅ 2018 ኤች.አር 128፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰብዓዊ መብት ይከበር የሚለው የውሳኔ ሐሳብ፣ በተወካዮች ምክር ቤታቸው አለፈ። ዳያስፖራው ለየተመራጩ እየደወለ አሳለፈው።

የታቦር ልጅ፦ በራስህ አፍ! መደወሉም እኮ ሎቢ ነው።

የአቶቴው፦ እነሱ መራጮች ናቸው እንጂ ተቀጣሪ አይደሉም።

ጋሼ መምህር፦ ኤች.አር 128 አስገዳጅ አልነበረም። ጥርስ የነበረው ኤች.አር 2003 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ የቀረበ ረቂቅ ሕግ ነው። በፈረንጅ 2007 ከተወካዮቹ አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። ያኔ መንግሥታችን ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ይሟገት ነበር። ሎቢው ብቻውን አስቀረው ግን አልልም።

እሙ፦ እኔንም ስሙኝ። እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። በፈረንጅ 2022 መግቢያ ላይ ከአጎዋ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ወጣን። ይውጡ የሚል ነበር፣ አይውጡ የሚልም ነበር። ሁሉም ዋሽንግተን ሆኖ ያወራል። እህቴን ማንም አልጠየቃትም።

የታቦር ልጅ፦ ስለዚህ ሠራተኞቹም ሎቢስት ይቅጠሩ።

እሙ፦ በምን ብር? ደመወዟ ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም ነበር እኮ!

የአቶቴው፦ ይኸው! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

የታቦር ልጅ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ረታችሁኝ። መዝገቡ ግን ይኑር።

የአቶቴው፦ ይኑር። ማን ከፈለ፣ ስንት ከፈለ፣ ማንን አገኘ፣ ሁሉንም በስልኬ ካየሁት እስማማለሁ።

እሙ፦ በሲዳሙ አፎም ይጻፍ። እህቴ የምታነበው እሱን ነው።