ጥቆማ፦ በጄኤስፒ ገጾች ውስጥ የተሰገሰገውን የጃቫ ኮድ በየትኛው የታግ ላይብረሪ እንተካው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በጄኤስፒ (በኤችቲኤምኤል ገጽ ውስጥ የጃቫ ኮድ ለመጻፍ በሚያስችለው ቴክኖሎጂ) የተጻፈ የአባላት መመዝገቢያና የክፍያ መከታተያ ሥርዓት አለው። ገጾቹ ወደ ስድሳ ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም በኤችቲኤምኤሉ መካከል ረጃጅም የጃቫ ኮድ ስላለባቸው አንድ ዓምድ ለመጨመር እንኳ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንደ አዲስ ለመጻፍ በጀቱም ጊዜውም የለንም። ሥርዓቱ አሁን የጄኤስፒ ገጾችን በሚያስኬደው ሰርቨር፣ በቶምካት 9 ላይ ይሠራል፣ ወደ 10 ለማሳደግም አስበናል፤ ገጾቹ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይታያሉ። ጄኤስቲኤልን (በጃቫ ኮድ ምትክ የሚጻፉ መደበኛ ታጎች ስብስብ፣ ማለትም የታግ ላይብረሪ)፣ ስትራትስና ስፕሪንግ ከተባሉት የጃቫ ማዕቀፎች ጋር የሚመጡትን የስትራትስ ታጎችና የስፕሪንግ ፎርም ታጎች፣ እንዲሁም የገጽ አብነት መሣሪያ የሆነውን ታይምሊፍን በሥራ ላይ ያዋላችሁ ባለሙያዎች የትኛውን ትመክሩናላችሁ?

መልስ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምመክርዎት ጄኤስቲኤልን መሠረት አድርገው፣ እርሱ የማይሸፍነውን ጥቂት ሥራ ራስዎ በሚጽፏቸው ታጎች እንዲሞሉ ነው። ዕለት ዕለት ሰው የሚገለገልበት ሥርዓት ሳይቆም ገጽ በገጽ ሊለወጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ስክሪፕትሌት (በገጹ ውስጥ በቀጥታ የሚጻፈው የጃቫ ኮድ) እና ጄኤስቲኤል በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ ዛሬ አንዱን ሰንጠረዥ ነገ ደግሞ ሌላውን ፎርም መለወጥ ይቻላል። በዚህ የሽግግር ጊዜ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። በስክሪፕትሌት ውስጥ የተፈጠረ ተራ ተለዋዋጭ በዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ ሲጠራ ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ በዚህ አጻጻፍ እሴት የሚጠራበት የአገላለጽ ቋንቋ የሚያየው በገጹ፣ በጥያቄው፣ በሴሽኑ ወይም በአፕሊኬሽኑ ላይ እንደ አትሪቢዩት የተቀመጠውን ብቻ ነውና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገጽ በመጀመሪያ መውጣት ያለበት መረጃውን የሚያመጣው ኮድ ነው። እርሱ ወደ ሰርቭሌት (የብራውዘሩን ጥያቄ ተቀብሎ ወደሚያስተናግድ የጃቫ ክላስ) ሲዛወርና ውጤቱ በጥያቄው ላይ ሲቀመጥ፣ ለገጹ የሚቀረው ማሳየት ብቻ ይሆናል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተሠራ ሥርዓት ተረክቤ ነበር። የአባላት ዝርዝር ገጹ ከስምንት መቶ መስመር በላይ ሲሆን፣ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው ከላይ፣ ግንኙነቱን የሚዘጋው ደግሞ ከታች፣ ከሰንጠረዡ መዝጊያ በኋላ ነበር። በመካከል የአንድ አባል የምዝገባ ቀን ባዶ ሆኖ ስህተት ሲፈጠር፣ ገጹ መዝጊያው መስመር ላይ ሳይደርስ ይቋረጥና ግንኙነቱ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። በወሩ መጨረሻ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ክፍት ግንኙነቶቹ ተጠራቅመው ሥርዓቱ ይቆማል፣ ሰርቨሩ ተነሥቶ እንደገና ይጀመራል፣ በቀጣዩ ወርም ያው ይደገማል። ኮዱ ወደ ሰርቭሌት ወጥቶ ገጹ በጄኤስቲኤል የመደጋገሚያ ታግ በ«ሲ-ፎርኢች» ብቻ ሲጻፍ ከመቶ ሃያ መስመር በታች ሆነ፤ ያ መቆምም ቀረ።

ከአጻጻፍ ንጽሕና ይልቅ ለእኔ የሚበልጠው ግን የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። በዚያው ሥርዓት መዝገብ ያዥዋ በኪቦርዷ ላይ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት ስለማታገኝ በምትኩ የማነስንና የመብለጥን ምልክት ሁለት ሁለት ጊዜ ትጽፍ ነበር፤ አብዛኞቻችን የምናደርገው ነው። በምልክቶቹ መካከል ያለው ቃል በአማርኛ ሲሆን ማስታወሻው በትክክል ይታያል፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ የድርጅት ስም ሲሆን ግን ስሙ ከገጹ ላይ ይጠፋል። ዳታቤዙ ውስጥ ግን ስሙ አለ። ብራውዘር ከማነስ ምልክት ቀጥሎ የላቲን ፊደል ሲያገኝ የኤችቲኤምኤል ታግ ተከፈተ ብሎ ይወስደዋል፣ የግእዝ ፊደል ሲያገኝ ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ያልፈዋል፤ ይህን እስክንረዳ ድረስ ሁለት ቀን ዳታቤዙን ስንመረምር ቆየን። ስም የሚውጠው ይኸው ቀዳዳ፣ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በማስታወሻው ሳጥን ውስጥ የጃቫስክሪፕት ኮድ ጽፎ በሥራ አስኪያጁ ብራውዘር ላይ፣ በሥራ አስኪያጁ ሥልጣን እንዲያስኬድ የሚፈቅድ ነው። «ሲ-አውት» የተባለው የጄኤስቲኤል ጽሑፍ ማውጫ ታግ ያለ ምንም ተጨማሪ ትእዛዝ እነዚህን ምልክቶች ብራውዘሩ እንደ ጽሑፍ ብቻ ወደሚያያቸው ቅርጽ ይለውጣቸዋል። በዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ ብቻ የተጻፈ አገላለጽ ግን በጄኤስፒ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ሰው ያስገባውን ጽሑፍ ሁሉ በ«ሲ-አውት» ያውጡ፤ በፎርም ሳጥን ውስጥ ተመልሶ የሚታየውን እሴት ደግሞ «ኤፍኤን-ኢስኬፕኤክስኤምኤል» በተባለው ፈንክሽን ይጠቅልሉት።

የታግ ላይብረሪ ሐሳብ ከጄኤስፒ 1.1 ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ዙርና የየራሱን «ከሆነ» ታግ ይጽፍ ነበር። ጄኤስቲኤል 1.0 እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ እነዚህን አንድ ወጥ አደረጋቸው፤ የአገላለጽ ቋንቋውም እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኤስፒ 2.0 በቀጥታ ወደ ገጹ ገባ። ይህ ታሪክ የእርስዎን ሥርዓት ይነካል። የዌብ ኤክስኤምኤል ፋይልዎ (የሥርዓቱ ማዋቀሪያ ፋይል) አናት ላይ የተጻፈው የስሪት መግለጫ ዛሬም 2.3 ወይም ከዚያ በታች የሚል ከሆነ፣ ቶምካት የአገላለጽ ቋንቋውን ሳይተረጉም ያልፈዋል፤ የዶላር ምልክቱና ጥምዝ ቅንፉም እንዳለ በገጹ ላይ ታትሞ ይወጣል። መድኃኒቱ መግለጫውን ማሳደግ ብቻ ነው።

ቶምካት ጄኤስቲኤልን ይዞ አይመጣም፤ የጃር ፋይሎቹን (የታሸጉትን የጃቫ ላይብረሪዎች) በዌብ-ኢንፍ ሥር ባለው የላይብረሪ ማኅደር ውስጥ ራስዎ ያስቀምጣሉ። ለቶምካት 9 የሚስማማው ጄኤስቲኤል 1.2 ነው። ከቶምካት 10 ጀምሮ የጃቫ ፓኬጆቹ ስም ከ«ጃቫክስ» ወደ «ጃካርታ» ስለተለወጠ 1.2ን ይዘው ቢሻገሩ ክላሶቹ አልተገኙም የሚል ስህተት ይገጥምዎታል፤ ለቶምካት 10.0 ዝርያ 2.0ን፣ ለ10.1 ደግሞ 3.0ን ይውሰዱ፣ የገለጻውንም የትግበራውንም ጃር ሁለቱንም ያስገቡ። በ3.0 በየገጹ አናት የሚጻፈው የታግ ላይብረሪው አድራሻም «ጃካርታ ታግስ ኮር» ወደሚል አጭር ስም ተለውጧል። ማሻሻሉ እንደማይቀር ካወቁ፣ በየገጹ የሚደገመውን ይህን መስመር አሁኑኑ ወደ አንድ የጋራ ፋይል አውጥተው በየገጹ እንዲካተት ቢያደርጉ ያን ጊዜ የሚለወጠው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

ስለ ሁለቱ ቋንቋዎች፦ የጄኤስቲኤል የ«ኤፍኤምቲ» ታጎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ በየራሱ የፕሮፐርቲስ ፋይል ይቀመጣል፣ ገጹም «ኤፍኤምቲ-መሴጅ»ን ብቻ ይጠራል። ጃቫ 8 እና ከዚያ በፊት ያሉት ግን እነዚህን ፋይሎች የሚያነቡት በላቲን ኢንኮዲንግ ስለሆነ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ቁጥር መጻፍ ነበረበት፤ «ሰላም» የሚለውን ቃል ለማረም ቁጥር መቁጠር ማለት ነው። ከጃቫ 9 ወዲህ ፋይሎቹ በዩቲኤፍ-8 ስለሚነበቡ ለቋንቋችን ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ጃቫን ለማሳደግ ይህ ምክንያት ብቻውን ይበቃል። የገጹ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በየገጹ መግለጽ፣ ከፎርም የሚመጣውን ጽሑፍም ማንም ሳያነበው በፊት በፊልተር ዩቲኤፍ-8 ማድረግ እንዳይረሳ፤ አለዚያ የአባላት ስም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የራስ ታግ የሚያስፈልገው ለዘመን አቆጣጠራችን ነው። «ኤፍኤምቲ-ፎርማትዴት» የኢትዮጵያን ቀን አያወጣም። በተረከብኩት ሥርዓት ቀን የሚቀይረው ኮድ በአሥራ አንድ ገጽ ላይ ተገልብጦ ነበር፤ ከእነርሱ ሦስቱ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት አንድ ቀን ይስቱ ነበር፤ በብድር መመለሻ ቀን ላይ የአንድ ቀን ስህተት ቅጣት ያስከትላል። እኔ ያደረግኩት «ሲምፕልታግሰፖርት» ከተባለው ክላስ የሚወርስ አንድ አጭር ክላስ ጽፌ፣ ሥሌቱን ለ«ስሪተን-ኤክስትራ» ላይብረሪ መስጠት ነው፤ በውስጡ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ተዘጋጅቶ ይገኛል። ክላሱ በታግ መግለጫ ፋይል ከተመዘገበ በኋላ ገጹ ላይ የሚጻፈው አንድ ታግና አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሲሰጠው «መስከረም 1 ቀን 2017» ብሎ ያወጣል፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሰጠው ደግሞ «መስከረም 1 ቀን 2016» ይላል። ጃቫ የማያውቁት የገጽ ዲዛይነራችን እንኳ ማንንም ሳይጠይቁ በየቦታው ይጠቀሙበት ነበር።

በጄኤስቲኤል ውስጥ ያሉትን የ«ኤስኪውኤል» ታጎች ግን እንዳይነኩ አደራ እላለሁ። የዳታቤዙን ጥያቄ መልሰው ገጹ ውስጥ ስለሚያስገቡት የወጣንበት ችግር በሌላ ልብስ ይመለሳል፤ የታሰቡትም ለፈጣን ሙከራና ለአነስተኛ ሥራ ነው። የስትራትስ 1 ታጎችን አያስቡ፤ የዚያ ዝርያ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2013 አብቅቷል። የስትራትስ 2 ታጎች ብቃት ያላቸው ቢሆኑም ሥርዓቱ በስትራትስ ላይ ካልተሠራ ለታጎቹ ብቻ ተብሎ ማዕቀፉን ማስገባት ትርፍ የለውም፤ ተጠቃሚው ያስገባው ጽሑፍ በታግ ባሕርይ ውስጥ ሁለት ጊዜ እየተተረጎመ በሰርቨሩ ላይ ኮድ ለማስኬድ የሚያስችል ክፍተትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተገልጾ ነበር፤ በ2.5.26 የተደረገው እርማትም ሙሉ ስላልነበረ በ2.5.30 እንደገና ታርሟል። የስፕሪንግ ፎርም ታጎች የሚጠቅሙት ስፕሪንግ ኤምቪሲን ለሚጠቀም ነው፤ በዚያ ጊዜ ከጄኤስቲኤል ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ተጨማሪ መልስ

ከላይ በተሰጠው ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ለአዲስ ሥራ ግን ታይምሊፍ ይሻላል። ትእዛዞቹ በተራው የኤችቲኤምኤል ታግ ላይ እንደ ባሕርይ ስለሚጻፉ ዲዛይነሩ ፋይሉን ያለ ሰርቨር በብራውዘር ከፍቶ በናሙና ጽሑፍ ሊያየው ይችላል፤ የጄኤስፒ ፋይል እንዲህ ሊታይ አይችልም። «ቲኤች-ቴክስት» ምልክቶችን ራሱ ስለሚያጣራ ጥንቃቄው ከመነሻው አብሮት አለ። ስፕሪንግ ቡትን በአንድ ጃር አሽገው ማሰማራት የሚፈልጉም ጄኤስፒ በዚያ አኳኋን እንደማይደገፍ ይወቁ። ስድሳ ነባር ገጽ ላለው ሰው ግን ታይምሊፍ ማለት ስድሳውንም እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ እንዲያ አድርጉ ብዬ አልመክርም።

ጥያቄ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በጄኤስቲኤል ለመጀመር ወስነናል። አንድ ሥጋት ቀርቶኛል። እኛ ለውጠን ስንጨርስ አዲስ የሚቀጠር ባልደረባ ተመልሶ ስክሪፕትሌት እንዳይጽፍ የምንከለክልበት መንገድ ይኖራል?

መልስ

አለ። በዌብ ኤክስኤምኤል ውስጥ ለጄኤስፒ ገጾች በሚሰጠው የባሕርይ ቡድን ሥር «ስክሪፕቲንግ-ኢንቫሊድ» የተባለውን እውነት ብለው ሲያስቀምጡት፣ ስክሪፕትሌት ያለበት ገጽ በሰርቨሩ ወደ ጃቫ ክላስ ሲተረጎም ስህተት ሆኖ ይቆማል። ቡድኑ በአድራሻ ስለሚወሰን ሁሉንም እስኪጨርሱ መጠበቅ የለብዎትም፤ የተለወጡትን ገጾች ወደ አንድ ማኅደር እያዛወሩ ክልከላውን ለዚያ ማኅደር ብቻ ያውሉት። ገጹ የሚተረጎመው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። በሰኔ መዝጊያ ብቻ የሚከፈት የሪፖርት ገጽ ካለዎት ስህተቱን የምታገኘው በሥራ የተጨናነቀችው የሒሳብ ሠራተኛ እንዳትሆን፣ ወደ ሰርቨሩ ከመጫንዎ በፊት ሁሉንም ገጾች የቶምካት መተርጎሚያ በሆነው በጃስፐር አስቀድመው ያስተርጉሟቸው።