የሉሉ መያዣ ተሰብሯል፤ ትምህርቱ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው

መምህርት ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የክፍላችን ሉል ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ፣ አጋድሎ ይይዘው የነበረው ቅስት መያዣ ከሥሩ ተሰብሯል። ነገ ጠዋት ስለ ቀንና ሌሊት እንዲሁም ስለ ወቅቶች መፈራረቅ ማስተማር አለብኝ፤ ያለዚያ ዝንባሌ ደግሞ ሁለቱንም ማስረዳት አልችልም። በዚህ ላይ አንድ ተማሪዬ «ፀሐይ በሰኔ ወደ እኛ የምትቀርብ ከሆነ ክረምቱ ለምን ይቀዘቅዛል?» ብሎ ጠይቆኝ መልሱን ለነገ አሳድሬበታለሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የኮምቦልቻ በያጅ፦
እኅቴ፣ የተሰበረው ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ብረት ከሆነ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ስብራቱን በማጣበቂያ ገጥመው፣ በሁለት በኩል ቀጭን እንጨት ደግፈው፣ በሽቦ ጠምጥመው ያሳድሩት።

የአዝዋ ገደል ጎረቤት፦
ምድር ወድቃ መሰበሯን እንዳነበብኩ ደንግጬ በመስኮት ተመለከትኩ፤ የጦሳ ተራራ በቦታው አለ። ስለዚህ ተስፋ አይቁረጡ፣ ማጣበቂያ ይሞክሩ።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ነገሩን ከመነሻው መያዝ ይገባል። ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ እንደምትሽከረከር ሰው ሁሉ በቃል ይናገራል እንጂ ማስረጃውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1851 በፓሪሱ ፓንቴዮን ውስጥ 67 ሜትር በሚረዝም ሽቦ ላይ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሉል ሰቅሎ ወዲያና ወዲህ እንዲወዛወዝ በለቀቀው ጊዜ፣ የውዝዋዜው መስመር ከወለሉ አንጻር ቀስ በቀስ ሲዞር ታየ፤ የዞረው ግን ወለሉ፣ ማለትም ምድር ነበረች። መምህራን ይህን ሳይነግሩ ወደ ወቅቶች መዝለላቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
አባታችን፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን 67 ሜትር ሽቦ እስከ ነገ ጠዋት የሚገኝ አይመስለኝም።
መምህርት፣ እኔ ጥያቄዎ ላይ ቅሬታ አለኝ። ቀንና ሌሊትን ለማስረዳት ዝንባሌው ጨርሶ አያስፈልግም፤ ምድር ቀጥ ብላ ብትቆምም በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ፊቷን ለፀሐይ እየሰጠችና እየነሣች ይነጋል፣ ይመሻል። ከዚያም አልፎ፣ እኛ ዘንድ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። የወሎ ገበሬ ወቅትን የሚለየው በበልግና በክረምት ዝናብ እንጂ በቀኑ ርዝመት አይደለም፤ ስለዚህ ይህ የዝንባሌ ትምህርት ለአውሮፓ ልጆች የተሰፋ ልብስ ነው እላለሁ።

መምህርት ከደሴ፦
መያዣው ፕላስቲክ ነው፤ ሉሉ ራሱ ደህና ነው። ማጣበቂያው አልያዘም።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
መምህርት፣ መያዣውን ይተዉት። በሉሉ የላይና የታች ቀዳዳ ቀጥ ያለ ዘንግ አሳልፈው የዘንጉን እግር በጭቃ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይትከሉት። የማዕዘን መለኪያም አያስፈልግዎትም፤ ዘንጉ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል 13 ሴንቲሜትር ወደ ጎን እንዲያጋድል አድርገው ቢያስሩት 23.4 ዲግሪ ገደማ ያገኛሉ፤ የምድር ዛቢያ ያጋደለውም በዚሁ ልክ ነው።
ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መብራቱን ክፍሉ መካከል አስቀምጠው ሉሉን ሲያዞሩ፣ የዘንጉ ራስ የትም ቦታ ላይ ሆነው ወደ ሰሜን፣ ለደሴ ልጆች እንዲገባቸው ወደ ሐይቅ ከተማ አቅጣጫ፣ እንዳጋደለ ይቆይ። ብዙ ሰው ሉሉን ሲያዞር ሳያስበው ራሱን ሁልጊዜ ወደ መብራቱ ያዘነብለዋል፤ ያን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አንድ ወቅት ብቻ ይሆንና ትምህርቱ ይበላሻል። ከመብራቱ በሰሜን በኩል ሲቆሙ የላይኛው ንፍቀ ክበብ ከብርሃኑ ይሸሻል፤ ይህ ታኅሣሥ ነው። ከዚያ በጦሳ በኩል፣ በምዕራብ ዞረው መጋቢትን ያሳያሉ፤ በደቡብ በኩል ሲደርሱ ራሱ ወደ መብራቱ ያጋድላል፣ ሰኔ ሆነ ማለት ነው፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ መስከረም ነው።

ተራ መምህር፦
ለተማሪው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ እንዳይቀር ልጨምር። ፀሐይ በሰኔ አትቀርበንም፤ እንዲያውም ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ 27 አካባቢ በ152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። በሰኔ የሚለወጠው ርቀቱ ሳይሆን ጨረሩ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በሚያዝያ 11 አካባቢ በአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ በነሐሴ 18 አካባቢ ደግሞ ተመልሳ በአናታችን ታልፋለች። ክረምቱ የሚቀዘቅዘው ደመናው ጨረሩን ስለሚጋርደው፣ ዝናቡም መሬቱን ስለሚያበርደው ነው። በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ያመልጣል፤ የደጋው ውርጭም የሚመጣው ከዚሁ ነው።
ለቦሩ ሜዳው ወንድሜ ደግሞ፦ ዝናቡ ራሱ የዝንባሌው ልጅ ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ትንሽ ዘግየት ብሎ እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፤ ምድር ባታጋድል ኖሮ ክረምት የሚባለውን ዝናብ እንደምናውቀው አናገኘውም ነበር። በልግ ግን ሌሎች ነፋሳትም ስለሚገቡበት ከዚህ ይወሳሰባል፤ ለነገ ባይነካ ይሻላል።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦
ስለ ክረምቱ ተረትቻለሁ፤ ስለ ቀኑ ርዝመት ያልኩት ግን እንደጸና ነው።

የወረኢሉ እናት፦
እኔም ሉሉን በጠንካራ ማጣበቂያ እንዲያጣብቁት እመክራለሁ።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ሜዳ ላይ የሚያሳዩትም ነገር አለ። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገው ቢተክሉ፣ የእኩለ ቀን ጥላው በታኅሣሥ 12 አካባቢ ወደ ሰሜን 69 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በሰኔ 14 አካባቢ ግን ወደ ደቡብ ዞሮ 22 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ደመናው ከፈቀደ። አሁን ታኅሣሥ ስለሆነ የመጀመሪያውን ነገ መለካት ይችላሉ። ሆኖም ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አይለኩ፤ የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከደሴ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ በዚህ ወር ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው በስድስት ሰዓት ከ20 ገደማ ነው።