ብሎኬቱን ሳላስለስን ብተወው ቤቱ ያላለቀ ይመስላል?

ሰብለ ዘአራብሳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት! አራብሳ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሜን ዘንድሮ ነው ማስጨረስ የጀመርኩት። አራተኛ ፎቅ ነው። መኝታ ቤቶቹ ተለስነው ቀለም ተቀብተዋል። ሳሎኑ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ። ልስን ሠራተኛው አሸዋውን አስወጥቶ «ሰኞ እጀምርልሻለሁ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ቆሜ ግድግዳውን አየሁት። አራት ሜትር የሚሆን ራቁቱን የቆመ ብሎኬት። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ አርፋበታለች። እውነቴን ነው፣ አማረኝ።

ብሎኬቱ እንዳለ ይቆይ፣ ኮርኒስ አይኑር፣ የብረት መደርደሪያ፣ ከላይ የሚንጠለጠሉ አምፖሎች... ያ ኢንዱስትሪያል የሚሉት ስታይል ማለቴ ነው። ጣሪያው ከወለሉ 2 ሜትር ከ60 ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብሎኬቱ ስዳስሰው ይራገፋል። ሁለተኛ፣ እናቴ። ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች። ፎቶ ብልክላት ደውላ «ልጄ፣ ሲሚንቶ አጠረሽ እንዴ? ለወንድምሽ ልንገረው?» አለችኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

የብረት ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ ብየዳ ቤት አለኝ። እንዲህ ያለውን ሥራ ለካፌም ለመኖሪያ ቤትም ሠርቻለሁ።

የብሎኬቱ መራገፍ ቀላል ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈትጊው፣ አቧራውን በደንብ አንሺለት፣ ከዚያ በውሃ የሚቀጠን የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ አስቀቢው። የሚያብለጨልጨውን እንዳትገዢ። ግድግዳው ሁልጊዜ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል።

ከባዱ ሌላ ነው። ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር «ልስን ይሸፍነዋል» ብሎ ነው። ሲሚንቶው ተንጠባጥቦ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያው አንዱ ጋ ሞልቶ አንዱ ጋ ጎድሎ ይቀራል። እሱን አስፍቂና ክፍተቱን አስሞዪ፤ መስመሩ ቀጥ ይበል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ቦዩን እዪ። ሽቦ ለመቅበር ብሎኬቱን ሰርስረው የሄዱበት መስመር ይኖራል፣ አይደል? ሰው ገብቶ «ይሄ ቤት አላለቀም» የሚለው ያንን አይቶ ነው። ቦዩን አስደፍኚና ሽቦውን በብረት ቱቦ ከግድግዳው ላይ ቀጥ አድርገሽ አስኪጂው። ቱቦውም የብረት መብራቶቹም የመሬት ሽቦ ይኑራቸው፤ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም። ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዪው፣ እኔም አልነካውም።

መደርደሪያውን ብሎኬቱ ላይ አትስቀዪው። ውስጡ ባዶ ነው፣ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚይዘው ነገር አያገኝም። መጽሐፍ ሲሞላበት ይነቀላል። እግር ይኑረውና ወለሉ ላይ ይቁም፤ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ኮንክሪት ቋሚው ላይ እሰሪው። ለመደርደሪያው እግር የውሃ ቧንቧ ከፈለግሽ በጥርስ ይገጣጠም እንጂ በያጅ እንዲበይደው አትጠይቂ። ቧንቧው ጋልቫናይዝ (ዚንክ የተለበጠ) ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ማታውን ትኩሳት ይለቅበታል፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) 30 በ30 ሚሊ ሜትር ግን ይረክስልሻል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተሽ ከላይ ደብዛዛ ጥቁር። ዝገት ያምራል የሚሉሽን አትስሚ፣ ነጠላሽን ነው የሚያበላሸው።

ጣውላውን ከግንባታ ቦታ የተረፈ ፈልጊ። ምስማሩን ነቅለው ይላጉልሽ። መርካቶ ምናለሽ ተራም አንድ ቅዳሜ ዙሪ። የድሮ የብረት እጀታ፣ ማጠፊያ፣ የመብራት ቆብ አይጠፋም። ዋጋ ሲነግሩሽ ግን አትደንግጪ፣ ግማሹን ጥሪ።

ማሞ ከሜሪላንድ፦
ለእናትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ አልተሳሳቱም። የዚህ ስታይል አንዱ መነሻ የኒውዮርኩ ሶሆ ነው። ፋብሪካዎቹ ሰፈሩን እየለቀቁ ሲሄዱ ሠዓሊዎች ባዶዎቹን ፎቆች በርካሽ ተከራይተው ገቡ። መኖር አይፈቀድም ነበር፣ ብዙዎቹ ተደብቀው ነው የኖሩት። ከተማው ለሠዓሊዎች የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ቧንቧውና ጡቡ ሳይሸፈን የቀረው ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። ዛሬ እዚያው ሰፈር ለመከራየት ደመወዜን ሁለት ዓመት ብቆጥብ አይበቃኝም።

ግን እነዚያ ፎቆች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ ነው። በ2 ሜትር ከ60 ውስጥ በየቦታው አምፖል ካንጠለጠልሽ እንግዳ ሁሉ ግንባሩን ይመታል። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ብቻ አንጠልጥይ፣ ከጠረጴዛው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ጣሪያውን ጥቁር አትቀቢ። አምፖሉ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል ይኑርበት፤ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ማለት ነው። ያ ነጭ የሱቅ መብራት ከበራበት ብሎኬትሽ መጋዘን ነው የሚመስለው። ክር የሚመስለውን ኤልኢዲ ግዢ፤ 4 ዋት ይበቃዋል።

አቦል ቶና፦
ድምፁንስ አሰባችሁት? ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ። የእኔ ቤት ሲኒ ሲቀመጥ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ልጆቹ ሲሮጡማ አትጠይቁኝ። ወፍራም መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ሰቅዬ፣ ምንጣፍ አንጥፌ ነው የተገላገልኩት።

ደግሞ እናትሽ የሚመጡት ከደብረ ብርሃን አይደል? የመንዝ ባና ያምጡልሽ እንጂ! የበግ ጠጉሩ ጥቁሩና ቡናማው ከግራጫ ብሎኬት ጋር እንዴት እንደሚሄድ። ድምፁንም ይውጠዋል፣ ቤቱንም የሰው ቤት ያስመስለዋል። ረከቦቱን እዚያው ግድግዳ ሥር አድርጊው።

ሰብለ ዘአራብሳ፦
ኧረ አመሰግናለሁ! ለልስን ሠራተኛው ነገርኩት። ትንሽ አኮረፈ፤ መገጣጠሚያዎቹን አንተው ትሠራልኛለህ ስለው ግን ፈታ አለ። አሸዋውን የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ወሰደችልኝ። የኤሌክትሪክ ቦዩን እንደገና አየሁት፤ የብረት ልጅ፣ ልክ ነህ፣ አንዴ ካዩት በኋላ ዓይን ሌላ ነገር አያይም። በሳምንቱ መጨረሻ ምናለሽ ተራ ልወርድ ነው።

እናቴ ባናውን አመጣለሁ ብላለች። የበረደኝ መስሏት ሁለት ልታመጣ ነው። አንዱን ግድግዳ ላይ እንደምሰቅለው ገና አልነገርኳትም።