የሶል መስፊያ ማሽኔ የጫማው አፍንጫ ላይ ስፌት ይዘላል፤ ከየት ልጀምር?

ማሽኑ ባለ አንድ ክር፣ ሰንሰለት ስፌት የሚሰፋ ነው፤ ቀንዱ (ጫማው የሚሰካበት ክንድ) ጫማው ውስጥ ይገባል፣ መንጠቆ ያለው መርፌ ከሶሉ በኩል ወርዶ ክሩን ይስባል። ጎንና ጎኑን ምንም አይለውም። አፍንጫው ጋ ጫማውን ሳዞር ግን ሁለት ሦስት ስፌት ይዘላል፤ አንዳንዴ መንጠቆው ክሩን ሰንጥቆ ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣና ይበጠሳል፣ ጫፉ ይንጨባረራል። ውፍረቱ ጎኑ ላይ 6፣ አፍንጫው ላይ 9 ሚሊሜትር ነው።

መርፌ ቀይሬያለሁ፣ ክሩን አላልቻለሁ፣ ክሩ የሚያልፍበት ሰምም በደንብ ቀልጧል። ለውጥ የለም።

በእጅ ቀስ አድርጌ ሳሽከረክረው፣ ቀንዱ ጫፍ ላይ ያለችው ክር ጠምጣሚ ቀለበት ዞራ የምትጨርሰው መርፌው መነሳት ከጀመረ በኋላ ነው። ለጥቂት ነው እንጂ ብዙ አይደለም፤ ጎኑን የሚሰፋውም ለዚህ ይመስለኛል። ቀለበቷ ቀደም ብላ እንድትዞር ጥርሷን ላስቀድም ወይስ መጀመሪያ መርፌውን ትንሽ ዝቅ ላድርገው? ሁለቱን አንድ ላይ ብነካካ የትኛው እንደሠራ አይለይም።